አሞሌ፣ እንቅርትና አጥንት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ፣ ከአምደ ወርቅ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ ተራራማ መንደር አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ማለዳ ተነሥተው ወደ ምንጭ ወረዱ እንበል። መንገዱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ውሃቸውን ቀድተው ሲመለሱ፣ ከደጃፋቸው ሊደርሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው፣ እግራቸው አዳለጣቸውና በጎናቸው ወደቁ። አወዳደቃቸው ከባድ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ እንደዚያ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሣ ነበር። እርሳቸው ግን መነሣት አልቻሉም። የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው አጠገብ ተሰብሮአል። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ቤት አስገባቸው፤ ወጌሻም ተጠራ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ድንጋይ አዳልጦ ሰበራቸው» ብሎ ነገሩን በዚሁ ደመደመው።

በየመሥሪያ ቤቱ ከምንገኘው ሰዎች መካከል ይህን የመሰለ ወሬ ከአገር ቤት ያልደረሰው ጥቂት ነው። ስልኩ ይደወላል፤ እናት ወይም አክስት መውደቃቸው ይነገራል፤ ፈቃድ ጠይቀን እንሄዳለን፤ ወይም ገንዘብ እንልካለን። ዳሩ ግን ሳንጠይቀው የምናልፈው ጥያቄ አለ። እኒህን እናት የሰበራቸው ድንጋዩ ነውን? ወይስ አጥንታቸው ከመውደቃቸው ከብዙ ዓመት አስቀድሞ በውስጡ እየሳሳ ኖሮ፣ ድንጋዩ ምክንያት ብቻ ሆነ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ሰቆጣ የጨው ገበያ መሄድ ያስፈልጋል ብንል አድማጭ ይደነቅ ይሆናል። ጨውንና የጭን አጥንትን ምን አገናኛቸው ያሰኛል። በሁለቱ መካከል የቆመችው ግን በሰው አንገት ላይ፣ ከማንቁርት በታች የምትገኝ አንዲት ትንሽ ዕጢ ናት። የዛሬው ንግግራችንም የዚህችን ዕጢ ታሪክ ይከተላል።

ሰቆጣ የዋግሹሞች መናገሻ ከተማ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ከዚሁ ወገን የተወለዱት ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀምጠዋል። ሆኖም ከተማዪቱን ከሹመቷ ባላነሰ ያስጠራት ገበያዋ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰሜን ኢትዮጵያን የጎበኙ መንገደኞች ሰቆጣን ታላቅ የጨው ገበያ አድርገው ጽፈዋታል። ከአፋር ረባዳ ምድር እየተፈለጠ የሚወጣው ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በትግራይ በኩል አልፎ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከዚያም በነጋዴ እጅ ወደ ሌላው አገር ይበተናል።

ይህ ጨው አሞሌ የሚባለው ነው። አሞሌ ለአባቶቻችን ምግብም ገንዘብም ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት አገር ሲሄዱ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዱ እንደ ነበር ጽፎአል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ጨው በአገሩ ሁሉ በገንዘብ ፋንታ እንደሚያገለግልና ከተቆፈረበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ተርከዋል። የደጋው ሰው ይህን ያህል ያከበረው ጨው ግን አንድ የተደበቀ ጉድለት ነበረበት። ይኸውም አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከቁጥር የማይገባ መሆኑ ነው። አዮዲን በባሕር ውስጥና በባሕር አትክልት ውስጥ ይገኛል፤ ባሕሩ ደርቆ የሚቀረው ጨው ግን ይህን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ እንጂ አይዝም።

ጨው አዮዲን ባይሰጥ ምግብ ይሰጥ አልነበረምን ይባል ይሆናል። አዮዲን በውሃ በቀላሉ የሚታጠብ ነገር ነው። ስለዚህ ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ዘመን ያጠበው ተራራማ አገር በአፈሩ ውስጥ ያለው አዮዲን አነስተኛ ይሆናል። የስዊስ ተራሮችና የሂማላያ ሸለቆዎች በዚህ ይታወቃሉ። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋም ከዚሁ ወገን ነው። ደሃናን የመሰለ ገደላገደል የበዛበት፣ አፈሩ በየክረምቱ በጎርፍ ወደ ተከዜ የሚወርድ አገር ሲታሰብ ነገሩ ይገለጣል። በእንደዚህ ያለ መሬት የሚበቅለው ገብስም ጤፍም፣ በዚያው መሬት የሚግጠው ከብት ወተትም አዮዲን ያንሰዋል።

የዚህ ጉድለት ምልክት በአንገት ላይ ይታያል። የአገራችን ሰው የመከራን መደራረብ ለመግለጥ ሲፈልግ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል። ይህ ምሳሌ በየሰዉ አፍ ሊገባ የቻለው እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ ነገር ስለ ነበረ ነው። የእንቅርት ዕጢ፣ ሐኪሞች ታይሮይድ የሚሉት፣ ከደም ውስጥ አዮዲን እየለቀመ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ቅመም ይሠራል። አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ሥራውን አይተውም። እህል ባነሰበት ዓመት የግብር ሹም ከየጓዳው ጥቂት ጥቂት ለመሰብሰብ ሠራተኛውን እንደሚያበዛ ሁሉ፣ ዕጢውም ጥቂቷን አዮዲን ለመልቀም ሲል ራሱን ያበዛል፤ ያብጣልም። እንቅርት የሚባለው ይህ እብጠት ነው።

ይህን ምስጢር ሊቃውንት የደረሱበት ቀስ በቀስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. ቤርናር ኩርቱዋ የተባለው ፈረንሳዊ ከባሕር አትክልት ዐመድ አዮዲንን አገኘ። በ1820 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ ኩዋንዴ የተባለ ሐኪም ለእንቅርት በሽተኞች አዮዲን ሰጥቶ የብዙዎቹ እብጠት እንደ ጐደለ አስታወቀ። ነገር ግን ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ልባቸው በኃይል ይመታ፣ ሰውነታቸውም ይከሳ ጀመር። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን። በ1895 ዓ.ም. ባውማን የተባለው ጀርመናዊ አዮዲን በራሱ በዕጢው ውስጥ መኖሩን አሳየ። በ1905 ዓ.ም. ስታርሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ በአንድ ዕጢ ተሠርተው በደም እየተጓዙ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝዙትን ቅመሞች «ሆርሞን» ብሎ ሰየማቸው። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ኬንዳል ታይሮክሲን የተባለውን የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ለብቻው ለይቶ አወጣ።

ይህ ሆርሞን አጥንትን እንዴት እንደሚያዝዝ ለመረዳት፣ አስቀድሞ አጥንት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ድንጋይ ይቈጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ዝም ብሎ የሚኖር ይመስለዋል። አጥንት ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እስከ ሞት ድረስም ሲፈርስና ሲሠራ ይኖራል። ነገሩን በጭቃ ቤት መመሰል ይቻላል። ግድግዳው ሲሰነጣጠቅ ያረጀው ምርግ ተፍቆ ይነሣል፤ በምትኩ አዲስ ይመረጋል። በአጥንት ውስጥም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ያረጀውን አጥንት ቆፍረው ያነሣሉ፤ ሁለተኞቹ በጉድጓዱ አዲስ አጥንት ይሞላሉ። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን በጥቂት ሳምንት ይጨርሳሉ፤ ገንቢዎቹ ግን ወራት ያስፈልጋቸዋል። በደም የሚመላለሱት ሆርሞኖች የሥራው አለቆች ናቸው፤ ማን መቼ እንዲጀምር፣ ማን መቼ እንዲያቆም ያዝዛሉ። ትእዛዙ የተስተካከለ ሲሆን የፈረሰው በተሠራው ይተካል። ትእዛዙ ሲዛባ ግን ቤቱ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይሳሳል።

የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን በልጅነት ሲያንስ የአጥንት እድገት ይዘገያል፤ ልጁም ቁመቱ አጭር ሆኖ ይቀራል። ጉድለቱ በማሕፀን ሳለ የጀመረና የከበደ እንደ ሆነ አእምሮውም ይጎዳል። በጎልማሳነትና በእርጅና ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ጉዳት ይመጣል። ቆፋሪዎቹ በየቦታው ሥራ ይጀምራሉ፤ የመሙያው ጊዜ ግን ያጥራል። አንዱ ጉድጓድ ሳይሞላ ሌላው ይቆፈራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ፎን ሬክሊንግሐውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በዚሁ ሕመም የሞተችን አንዲት ወጣት አስከሬን ሲመረምር፣ ረጃጅሞቹን አጥንቶቿን ትል እንደ በላው እንጨት ሆነው አገኛቸው። የእንቅርት ዕጢ መዛባት አጥንትን እንደሚያሳሳ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ መጻፍ የተጀመረው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አድማጭ አንድ ነገር ይጠይቃል። በደጋው አገር የጐደለው አዮዲን ከሆነ፣ ሆርሞኑ ከመጠን በላይ የሚሆነው እንዴት ነው? መልሱ ይህ ነው። ለብዙ ዓመት በጉድለት ያበጠ ዕጢ በውስጡ ጓል ጓል እየሆነ ይሄዳል። ከእነዚህ ጓሎች አንዳንዶቹ ከጊዜ ብዛት የበላይ ትእዛዝ መስማት ይተዋሉ፤ በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ያመርታሉ። በዚህም ምክንያት በወጣትነቷ እንቅርት የወጣባት ሴት ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሲሆናት የሆርሞን ትርፍ ሊያገኛት ይችላል። ትከሳለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ልቧ ይመታል፤ በብርድ አገር ሳለች ያልባታል። ዘመዶቿ «ሐሳብ አከሳት» ይላሉ፤ «እርጅና ነው» ይላሉ። አጥንቷ መሳሳቱን ግን ማንም አያይም፤ አጥንት ሲሳሳ አያምምና። የሚታወቀው በተሰበረ ቀን ነው።

አጥንትን የምታዝዘው ዕጢ ይህች ብቻ አይደለችም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ሳንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ የተለጠፉ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ዕጢዎችን አገኘ። የእነዚህ ሆርሞን በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ይጠብቃል፤ ደሙ ሲጐድልበት ከአጥንት ያወጣል። በ1925 ዓ.ም. በቪየና ከተማ አጥንቱ እየተሰበረ የተሠቃየ አንድ የትራም ሠራተኛ ወደ ሐኪሙ ፌሊክስ ማንድል ዘንድ ቀረበ። ማንድል በሽታው ከሆርሞን ማነስ የመጣ መስሎት አስቀድሞ ከሌላ ሰው የተወሰዱ ዕጢዎችን ተከለለት፤ ነገር ግን ምንም አልረዳውም። ከዚያም አንገቱን ከፍቶ ቢመለከት አንደኛዋ ዕጢ አብጣ አገኛት፤ አወጣትም። የበሽተኛውም ሕመም ቀለለ። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ቢመለስበትም፣ ያ ቀዶ ጥገና የአጥንት ስብራት ምክንያት በአንገት ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ለዓለም አሳየ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይትና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ሴቶች የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው የሚሳሳው ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ መሆኑን አስረዱ። ይህ ሆርሞን ቆፋሪዎቹን የሚገታ ነው፤ እርሱ ሲወርድ ቆፋሪዎቹ ይበረታሉ። እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣናቸውን እናት እናስብ። ዕድሜያቸው ኤስትሮጅንን ቀንሶባቸዋል። የአገራቸው አፈርና ጨው በአንገታቸው ላይ እንቅርት አብቅሎባቸው እንደ ሆነ ደግሞ የሁለተኛው ሆርሞን ትርፍ ይጨመራል። ምሳሌው በቃሉም በምሥጢሩም ደረሰባቸው ማለት ነው።

ረሃብም በዚሁ መንገድ አጥንትን ይጎዳል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ዋግን ክፉኛ እንደ መታ አይዘነጋም። ሰውነት በብርቱ ሲራብ የሴት ልጅ የወር አበባ ይቋረጣል፤ ኤስትሮጅንም ይወርዳል። አጥንት በሚጠነክርበት በጉርምስና ዕድሜ ይህ የደረሰባት ልጅ ለእርጅናዋ የምታስቀምጠው ስንቅ ያንሳታል። ስለዚህ የአንዲት አሮጊት ስብራት ምክንያቱ ከአርባ ዓመት በፊት የነበረ ክፉ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን እንመልከት። ስዊስ በ1922፣ አሜሪካ በ1924 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ጨውን ከአዮዲን ጋር ማደባለቅ ጀመሩ፤ በእንቅርት የታወቁ አገሮቻቸውም ከዚህ ሕመም እየዳኑ ሄዱ። በአገራችንም ከአሰብ ይመጣ በነበረው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያው በአፍዴራ ጨው ተያዘ፤ ይህም ጨው አዮዲን አልነበረውም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከተመረመሩት ሕፃናት ከመቶው ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው ገለጠ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ አወጣ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት ጊዜ ጨዋቸው ከታየው ቤተ ሰቦች ከመቶው 89 ያህሉ አዮዲን ያለው ጨው ይዘው ተገኙ። መጠኑ የበቃ መሆኑ ሌላ ጥያቄ ቢሆንም፣ በጥቂት ዓመት ይህን ያህል መድረስ ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ኩዋንዴ በጄኔቭ ወዳየው ነገር እንመለስ። ለረጅም ዘመን የተራበ፣ ጓል የበዛበት የእንቅርት ዕጢ አዮዲን በድንገት ሲያገኝ ሆርሞን ከመጠን በላይ ሊያመርት ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በዚምባብዌ አዮዲን ያለው ጨው በተስፋፋ ጊዜ ይህ ሕመም ጨምሮ ታይቶአል። ይህን ሰምቶ ከአዮዲን ጨው የሚሸሽ ሰው ግን ይሳሳታል። ጨውን ትቶ ወደ ቀድሞው ጉድለት መመለስ በማሕፀን ያሉትን ሕፃናት አእምሮ መክፈል ነው። ትክክለኛው መንገድ ልጆች በአዮዲን ጨው እንዲያድጉ ማድረግ፣ የቀድሞው ጉድለት ያረፈባቸውን አረጋውያን ደግሞ ለይቶ መመርመር ነው። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም።

ስለ ወጌሻም ጥቂት እንበል። ሐኪም በሌለበት አገር የተሰበረውን አቃንቶ፣ በሸምበቆና በጨርቅ አስሮ ሕዝቡን ሲረዳ የኖረው እርሱ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እስሩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የደም መተላለፊያውን ዘግቶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቈረጥ የሚያደርስበት ጊዜ አለ። የዳሌ አጠገብ ስብራትም በማሰር ብቻ የሚጠገን አይደለም፤ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ከሁሉም በላይ ወጌሻው የተሰበረውን ያስራል እንጂ ለምን እንደ ተሰበረ አይመረምርም። በሆስፒታልም ቢሆን ስብራቱ ተጠግኖ ምክንያቱ ሳይጠየቅ የሚመለስ በሽተኛ አይጠፋም።

እንግዲህ በከተማ ተቀምጠን ደመወዝ የምንቀበል ሰዎች ምን እናድርግ? ከገንዘቡ ጋር ጥያቄ እንላክ። ከቁመታቸው በማይበልጥ አወዳደቅ አጥንታቸው የተሰበረ እናት ወይም አባት ሲኖሩን፣ በአንገታቸው ላይ እብጠት መኖሩን፣ ያለ ምክንያት መክሳታቸውን፣ ልባቸው መምታቱን፣ እጃቸው መንቀጥቀጡን እንጠይቅ። የወር አበባቸው ገና በወጣትነት ተቋርጦ እንደ ሆነ በትሕትና እናጣራ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለአስም ከኮርቲዞን ወገን የሆነ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደው እንደ ሆነም እንጠይቅ፤ ይህ መድኃኒት ሲበዛ አጥንትን ያሳሳልና። ግን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። መልሱን ይዘን ሐኪሙን የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና የካልሲየም የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደ ሆነ እናማክረው። ሕመሙ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይታከማል፤ ሁለተኛው ስብራትም ሳይመጣ ሊቀር ይችላል።

በቤታችንም የጨዉን ዕቃ እንመልከት። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ብዛት ይተናል። ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ፀሐይ በማይነካው ስፍራ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል።

የሰቆጣ ነጋዴ አሞሌውን ከመግዛቱ በፊት ስንጥቅ እንዳይኖረው አገላብጦ ያየው ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳልና። ለጨው ስብራት ያን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ፣ የእናቱ አጥንት ሲሰበር በድንጋይ አሳብቦ ማለፍ አይገባውም። ከዛሬ ጀምሮ ከአገር ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰን «የት ወደቁ?» ብቻ ብለን አንቅር፤ «አንገታቸውን ያየ አለ ወይ?» ብለን ደግሞ እንጠይቅ።